ግልጽ ደብዳቤ፦ ወደ ሳን ዋን ተራሮች የቡድን ጉዞ ለምታስተባብሩ

ለ፦ በኮሎራዶና በአጎራባች ግዛቶች ለምትገኙ የማኅበር፣ የዕድርና የሰንበት ትምህርት ቤት የጉዞ አስተባባሪዎች፣ እንዲሁም በራሳችሁ መኪና ለመሄድ ላሰባችሁ ቤተሰቦች

ጉዳዩ፦ ከሲልቨርተን እስከ ኡሬይ ያለውን የተራራ መንገድ በአንድ ቀን የደርሶ መልስ ፕሮግራም ውስጥ እንዳታስገቡት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ የአስፐን ዛፎች ቅጠል ቢጫ ሲሆን ከዴንቨርና ከአውሮራ ወደ ሳን ዋን ተራሮች የሚሄደው ሰው ይበዛል። በደቡብ ምዕራብ ኮሎራዶ ያለው ይህ የድሮ ማዕድን አገር ልጅም አዋቂም ሊያየው የሚገባ ስለሆነ ጉዞው እንዲቀር አንፈልግም። እንዲቀር የምንፈልገው «ሌሊት ተነሥተን፣ አይተን፣ ማታ ቤታችን» የሚለው አሠራር ነው። ከዴንቨር እስከ ኡሬይ ወደ 300 ማይል ነው፤ መንገድ ካልተዘጋጋ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በአንድ ቀን ሄዶ የሚመለስ ሰው ከሁሉ የሚከብደውን 25 ማይል የሚነዳው ዓይኑም እግሩም ከዛለ በኋላ ነው። ቢያንስ ሁለት ሌሊት መድቡለት።

መንገዱ ዩ.ኤስ. 550 ነው፤ ሰው የሚያውቀው ግን ሚሊዮን ዶላር ሃይዌይ በሚለው ስሙ ነው። ከዱራንጎ ወደ ሰሜን ስትወጡ መጀመሪያ ኮል ባንክ ፓስን (ፓስ ማለት መንገድ የተራራውን ጫፍ የሚሻገርበት ቦታ ነው) በ10,640 ጫማ፣ ቀጥሎ ሞላስ ፓስን በ10,910 ጫማ ታቋርጡና ወደ ሲልቨርተን ትወርዳላችሁ። ከሲልቨርተን እንደገና ወደ ሬድ ማውንቴን ፓስ፣ 11,018 ጫማ ወይም 3,358 ሜትር ድረስ ትወጣላችሁ። ከዚያ እስከ ኡሬይ ባለው 13 ማይል ያህል ውስጥ መንገዱ ወደ 980 ሜትር ይወርዳል። የመጨረሻው ክፍል የአንከምፓግሬ ወንዝ በቆረጠው ገደል አፋፍ ላይ ከድንጋይ የተጠረበ ነው። ትከሻ የለውም። በብዙ ቦታ ነጩ የጠርዝ መስመር ሲያልቅ አስፋልቱም ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፤ የብረት መከላከያም አታገኙም። መከላከያው የቀረው በረዶ ጠራጊዎቹ በረዶውን ወደ ገደሉ ስለሚገፉት ነው፤ አጥር ቢቆምበት የተጠረገው በረዶ መሄጃ ያጣል።

ጥበቱም ምክንያት አለው። ይህን ገደል መጀመሪያ የጠረበው በሩሲያ ግዛት ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣው ኦቶ ሚርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ከኡሬይ ወደ ሬድ ማውንቴን የማዕድን ካምፖች የሚወስድ የክፍያ መንገድ ሠራ፤ ኬላውንም ማንም ዞሮ ሊያመልጠው በማይችልበት በቤር ክሪክ ፏፏቴ ላይ አቆመ። ለመኪና የተስተካከለው በ1920ዎቹ ነው፤ መሠረቱ ግን ዛሬም ለማዕድን ጋሪ የተጠረበው አለት ነው።

አሁን ወደ አቅጣጫ እንምጣ፤ ብዙ አስተባባሪዎች የማያስቡበት ጉዳይ ይህ ነው። መኪና በቀኝ ስለሚነዳ ከኡሬይ ወደ ደቡብ የሚወጣው በገደሉ በኩል ነው። ከሲልቨርተን ወደ ሰሜን የሚሄደው ግን በተራራው ግድግዳ በኩል ነው። ገደል ያስፈራው አሽከርካሪ ሳያውቀው ወደ መሃል መስመር ይጠጋል፤ ኩርባው ከፊት የሚመጣውን ስለሚሸፍን ግጭት የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ለተራራ አዲስ የሆኑ አሽከርካሪዎች ላሉበት ቡድን ወደ ሰሜን መንዳትን እንመክራለን። ዙሩም ይገጥማል፦ በመጀመሪያው ቀን ከዴንቨር በመንገድ ቁጥር 285 ወደ ደቡብ፣ ከዚያ በ160 ዉልፍ ክሪክ ፓስንና ፓጎሳ ስፕሪንግስን አልፎ ዱራንጎ ማደር። በማግስቱ በ550 ወደ ኡሬይ መድረስና እዚያ ወይም ሞንትሮዝ ማደር። በሦስተኛው ቀን በ50 ጋኒሰንንና 11,312 ጫማ ላይ ያለውን ሞናርክ ፓስ አልፎ በ285 መመለስ።

ይህ ምርጫ ዋጋ አለው። ወደ ሰሜን ስትነዱ ገደሉ ያለበትን ክፍል የምትጨርሱት ቁልቁል ነው። ስለዚህ ስለ ፍሬን ዘርዘር አድርገን እንናገር።

ሰው ሞልቶበት 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 980 ሜትር ሲወርድ 19 ሜጋጁል ያህል ጉልበት ይለቃል። ያንኑ መኪና በሰዓት 60 ማይል እየሄደ 27 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ እንደ ማቆም ነው። ከፊሉን ጎማውና አየሩ ይወስዱታል፤ የቀረውን የሚሸከመው ወይ ሞተሩ ነው ወይ ፍሬኑ። ማርሹን ዲ ላይ ትቶ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሣ የሚወርድ ሰው ሸክሙን በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል። የፍሬን ሸራውና ዲስኩ ከመጠን በላይ ሲግሉ የመያዝ አቅማቸው ይዳከማል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲዘልቅ ደግሞ የባሰው ይመጣል። ፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቀው ዝቅተኛው መፍያ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። የፈላ ዘይት ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ እስከ ታች ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

ከመነሻው ቀን ሳምንት ቀደም ብሎ እያንዳንዱ መኪና ይታይ። የሸራው ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይቀየር፤ ዘይቱም ሁለት ዓመት ካለፈው እንደዚሁ። በመንገዱ ላይ ደግሞ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ፓሱ ጫፍ ላይ ሳላችሁ ነው። በአውቶማቲክ መኪና ኤል፣ 2 ወይም ኤም የሚለውን ተጠቀሙና ፍሬን ሳትነኩ መኪናውን በ20 እና በ25 ማይል መካከል የሚይዝላችሁን ማርሽ ፈልጉ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ቆጣሪው 3,000 ወይም 4,000 ዙር ቢያሳይ አትደንግጡ፣ አይጎዳውም። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ለጥቂት ሰከንድ ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ አምስት ማይል ያህል ቀንሱና እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አንሡ፤ ዲስኩ የሚቀዘቅዘው እግራችሁ በተነሣበት ጊዜ ነው። ቀስ ብሎ ሳያቋርጡ መጫን ለስላሳ ይመስላል፤ ፍሬን የሚያቃጥለው ግን እሱ ነው። በፎሌ መውረድ በኮሎራዶ ሕግም ክልክል ነው።

የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ በመጀመሪያው መቆሚያ ውጡ። ከቆማችሁ በኋላ ፔዳሉን ረግጣችሁ አትቆዩ፤ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ይጣበቃል። ፒ ላይ አድርጉት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ የጋለ ዲስክ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ውኃ አታፍሱበት። ሃይብሪድ ያላቸው ቢ የሚለውን ማርሽ ይጠቀሙ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ልብ በሉ፦ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ቁልቁለቱ የሚሰጠውን ኃይል መቀበያ ቦታ አይኖረውም፤ መኪናው ራሱን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ከቁልቁለት በፊት መቶ በመቶ አትሙሉት።

ነዳጅ ዱራንጎ ላይ ሙሉ፤ በሲልቨርተንና በኡሬይ መካከል ማደያ የለም። በኮሎራዶ «ሬጉላር» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ 85 ኦክቴን ነው፤ የመኪናችሁ መመሪያ 87 የሚል ከሆነ መካከለኛውን ቅዱ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ በሬድ ማውንቴን ፓስ ላይ በባሕር ጠለል ካለው ኃይል ሲሶ ያህሉ የለም። ይህን የምንለው ቀርፋፋ መኪና ለመቅደም የሚሞክር እንዳይኖር ነው፤ በቆላ ያወቃችሁት ሞተር እዚህ አይታዘዝም። የጎማ ንፋስ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ በበሩ ላይ በተጻፈው ልክ ይሞላ፤ ከፍታው ንባቡን ከፍ፣ ብርዱ ዝቅ ስለሚያደርጉት በየፓሱ መለካት አያስፈልግም።

ስለ አጀብ ደግሞ። አሥር መኪና ተከታትሎ መሄድ በሜዳ ያስደስታል፤ እዚህ ግን አደገኛ ነው። የኋላው የፊተኛውን ላለማጣት ሲል ኩርባው ላይ ከአቅሙ በላይ ይፈጥናል። አንዳንዱ ኩርባ ላይ የተለጠፈው ፍጥነት ከ15 ማይል አይበልጥም፤ ምክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቡድኑን ሦስት ሦስት መኪና አድርጋችሁ በአሥር አሥር ደቂቃ ልዩነት አስነሡ። መሰብሰቢያ ቦታዎችን ቀድማችሁ በወረቀት አድሉ፤ በረጅሙ የመንገዱ ክፍል ስልክ አይሠራም። ሞላስ ፓስ ላይ ያለው ማቆሚያ፣ ሲልቨርተን ከተማ፣ ከሬድ ማውንቴን በታች የአይዳራዶን ማዕድን የሚያሳየው ማቆሚያ፣ ከዚያ ኡሬይ ይበቃሉ። ከማቆሚያ ውጪ ለፎቶ መቆም አይፈቀድ። ከኋላችሁ መኪና ሲከማች መቆሚያ ስታገኙ ወጥታችሁ አሳልፉ፤ የአካባቢው ሰው በዚህ መንገድ ሥራ ይሄዳል። ሲልቨርተን ላይ አሽከርካሪ ቀይሩ፤ መሪ የያዘ ሰው ተራራውን ማየት አይችልም፣ ማየትም የለበትም።

ከፍታ ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ብዙ ወገኖቻችን አቅልለው ያዩታል። ኡሬይ ከአዲስ አበባ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ስለዚህ «እኛ የደጋ ሰዎች ነን» የሚል ይበዛል። ሰውነት ግን በደጋ ያገኘውን ልምድ ቆላ ከኖረ በኋላ ያጣዋል፤ ከሂውስተን ወይም ከሜሪላንድ የመጣ ዘመድ የትም ይወለድ እንደ እንግዳ መታየት አለበት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእንቅልፍ መረበሽ የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ ሳል፣ መንገዳገድ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ግን ሳይውል ሳያድር መውረድና ሐኪም ጋ መድረስ ነው። እዚህ ላይ ሲልቨርተን ልዩ ችግር አለባት። ከተማዋ በ9,318 ጫማ ላይ ተራራ የከበባት ጎድጓዳ ቦታ ናት፤ በሰሜንም ሆነ በደቡብ ስትወጡ መጀመሪያ ወደ 11,000 ጫማ የሚጠጋ ፓስ ትሻገራላችሁ። ሌሊት የታመመ ሰው ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት ይኖርበታል፤ ሆስፒታል የሚገኘውም ዱራንጎ ወይም ሞንትሮዝ ነው። ስለዚህ ሕፃናትና አረጋውያን ያሉበት ቡድን ሲልቨርተንን ቀን ይጎብኝ እንጂ አይደርባት። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡር እናቶች ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ልጆቻችሁ ለምን እዚህ እንደመጡ እንዲገባቸው የአገሩን ታሪክ ንገሯቸው። እነዚህ ተራሮች የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የዩት ሰዎች ይዞታ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1873 በተፈረመው የብሩኖት ስምምነት ከእጃቸው ወጡ፤ የኡሬይ ከተማ ስም የተወሰደው በድርድሩ ከነበሩት የዩት መሪ ነው። በጁላይ 1882 የባቡር ሐዲድ ከዱራንጎ ሲልቨርተን ደረሰ፤ ያው ጠባብ ሐዲድ ዛሬም ጎብኚ ያመላልሳል። እ.ኤ.አ. በ1893 የአሜሪካ መንግሥት ብር የሚገዛበት ሕግ ሲሻር ዋጋው ወደቀና ብዙ የብር ካምፖች ተዘጉ። ወርቅ ያላቸው ግን ቀጠሉ፤ ቶማስ ዋልሽ ከኡሬይ በላይ ያለውን የካምፕ በርድን ወርቅ ያገኘው ከዚያ በኋላ በ1896 ነው። ትልቁ ሰኒሳይድ ማዕድን እስከ 1991 ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1978 ኤማ የሚባል ሐይቅ ከሥሩ እስከ ተቆፈረው ዋሻ ተደርምሶ ማዕድኑን አጥለቀለቀው፤ ቀኑ እሑድ ስለነበር ከውስጥ ሰው አልነበረም።

ተራሮቹ የቀሉት በድንጋዩ ውስጥ ያለው ፒራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ከአየርና ከውኃ ጋር ተገናኝቶ ስለሚዝግ ነው። ያው ሂደት አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ብረት፣ ዚንክና ሌሎች ማዕድናትን አሟሙቶ ወደ ጅረት ያወርዳል። ከመንገዱ ዳር የምታዩት ብርቱካንማ ውኃ ይህ ነው፤ ከፊሉ የተፈጥሮ ነው፣ ከፊሉ ከአሮጌ ዋሻዎች የሚፈስ። ኦገስት 5 ቀን 2015 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያሰማራው ቡድን በጎልድ ኪንግ ማዕድን ደጃፍ ሲሠራ የታቆረው ውኃ ፈንድቶ 3 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ወጣ፤ የአኒማስ ወንዝም እስከ ዱራንጎና ከዚያ በታች ቀለሙ ተለወጠ። በዓመቱ አካባቢው ቦኒታ ፒክ በሚል ስም በፌዴራል የጽዳት ዝርዝር ገባ። ልጆች በዚህ ውኃ አይጫወቱ፣ አይጠጡትም፤ ለማብሰያም አይቀዳ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምንለምናችሁ ወደ አሮጌ ዋሻ ማንም እንዳይገባ ነው። በኮሎራዶ ወደ 23,000 የሚጠጉ የተተዉ ማዕድናት አሉ። ደጃፋቸው ጥላ ያለው ቀዝቃዛ ማረፊያ ይመስላል። ከውስጥ ግን ኦክስጅን ያነሰበት አየር ሊኖር ይችላል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ይደክመኛል ሳይል ይወድቃል፤ ሊያወጣው የሚገባውም እንደዚያው። ወለል የሚመስለው በበሰበሰ ሳንቃ የተሸፈነ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። የተረሳ ድማሚት ካለ ፈንጂው ንጥረ ነገር ናይትሮግሊሰሪን እንደ ላብ ወደ ውጪ ወጥቶ በመነካካት ብቻ ይፈነዳል። ብዙው ቦታ የግል ይዞታ ነው፤ በመንግሥት መሬት ላይ ያለ አሮጌ ዕቃ ማንሳትም በሕግ ያስጠይቃል። ዋሻ ማየት ለሚወድ በሲልቨርተን አቅራቢያ ኦልድ ሀንድረድ የሚባል በአስጎብኚ የሚታይ ማዕድን አለ፤ ልጆች ይወዱታል።

ስልካችሁ አቋራጭ ቢያሳያችሁ አትመኑት። ከ550 ወደ ቴሉራይድ በኦፊር ፓስ ወይም በብላክ ቤር ፓስ የሚወስዱት መስመሮች በካርታ አጭር ናቸው፤ በመሬት ላይ ግን ለባለ ከፍተኛ ሻሲ ፎር ዊል መኪናና ለለመደ አሽከርካሪ ብቻ የሚሆኑ የድንጋይ መንገዶች ናቸው። ትክክለኛው መንገድ በሪጅዌይ ዞሮ በ62 እና በ145 የሚሄደው ነው። 65 ማይል የሚሆነው አልፓይን ሉፕም እንደዚሁ ነው፤ ኢንጂነር ፓስና ሲናሞን ፓስ ሁለቱም ከ12,600 ጫማ በላይ ናቸው፣ በበረዶ ምክንያት እስከ ጁን ድረስ ተዘግተው ሊቆዩ ይችላሉ። አኒማስ ፎርክስ የምትባለውን የተተወች የማዕድን ከተማ ማየት ከፈለጋችሁ ሲልቨርተን ወይም ኡሬይ ጂፕ ተከራዩ፣ አለዚያም ከአስጎብኚ ጋር ሂዱ። የተለመደው የኪራይ መኪና ውል ከአስፋልት መውጣትን ይከለክላል፤ ጉዳት ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል።

በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዝናብ የተለመደ ነው፤ ዝናቡም ከላይ ድንጋይ ያወርዳል። ከዱራንጎ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ማለትም በአሜሪካ አቆጣጠር በ7፣ ብትነሡ ከቀትር በፊት ኡሬይ ትገባላችሁ። ጨለማ ላይ አትንዱ፤ አጋዘንና ኤልክ የሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ።

በበረዶ ወራት ቡድን ይዞ መሄድን ፈጽሞ አንመክርም። በሲልቨርተንና በኡሬይ መካከል ስም የተሰጣቸው ከ70 በላይ የበረዶ ናዳ መውረጃዎች አሉ። በማርች 2019 መንገዱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ሪቨርሳይድ በሚባለው ናዳ አጠገብ በ1970፣ በ1978 እና በ1992 በሥራ ላይ ሳሉ የሞቱ የበረዶ ጠራጊ አሽከርካሪዎች መታሰቢያ ቆሟል፤ በዚያ ስታልፉ አስቡአቸው። በረዶ በኦክቶበርም፣ በሜይም ሊጥል ይችላል። የትራክሽን ሕግ (በበረዶ ጊዜ መኪና ምን ዓይነት ጎማ ወይም መሣሪያ ሊኖረው እንደሚገባ የሚያዝዘው) ሲታወጅ ጎማችሁ ቢያንስ 3/16 ኢንች ጥልቀት ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ በተጨማሪም ወይ የበረዶ ወይም ኤም ኤንድ ኤስ የሚባለው የጭቃና የበረዶ ጎማ፣ ወይ ፎር ዊል፣ ወይ ሰንሰለት ያስፈልጋል። ይህን ሳያሟላ መንገድ የዘጋ መኪና ቅጣቱ ከ650 ዶላር ያልፋል።

ስለዚህ የመጨረሻው ጥያቄያችን ይህ ነው። ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጉዞውን የመሰረዝ ሥልጣን ያለው አንድ ሰው በስም ሰይሙ፤ መኪና የማይነዳ ቢሆን ይመረጣል። እሱ ወይም እሷ በዋዜማው ማታና በዕለቱ ጠዋት ኮትሪፕ የተባለውን የኮሎራዶ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መተግበሪያ ይመልከቱ፣ የአየር ትንበያውን ያንብቡ። በዱራንጎ የተያዘው ማረፊያ አንድ ሌሊት መጨመር ወይም መሰረዝ የሚቻልበት ይሁን። መንገዱ ከተዘጋ በኮርቴዝ፣ በዶሎረስና በሊዛርድ ሄድ ፓስ በኩል በ145 ወደ ሪጅዌይ መዞር ይቻላል፤ እሱም ያምራል፣ ግን ግማሽ ቀን መድቡለት። የተሰየመው ሰው «ዛሬ አንሄድም» ካለ ማንም እንዳይከራከረው ከመነሻው ተስማሙ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
መንገዱን የምናውቅ አሽከርካሪዎች